ተበልቷል

ጋሽ ደምሌ ማረፋቸውን የሰማሁት ፍላቂት መናኸሪያ ተራዬን ስጠብቅ ነው። መላኩ ከላሊበላ ደወለና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ሰውየው አረፉ» አለኝ። የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅሁም። እኔና መላኩ «ሰውየው» ስንባባል ስድስት ዓመት ሙሉ የምናነሣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስማቸውን ለመጥራት ሁለታችንም እናፍራለን። ተራዬን ለጓደኛዬ ለቀቅሁና ወደ ላሊበላ ተሳፈርኩ።

ቀብራቸው ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ዝቅ ብላ ባለችው ትንሽ አጥቢያ ነበር። ቀሳውስቱ ፍትሐቱን ፈጸሙ፣ ሁለት እህቶቻቸው አለቀሱ፣ እኔና መላኩ ቆምን። ሹፌሮቹ ግን መኪናቸውን ከመንገዱ ማዶ አቁመው ከሩቅ ነው ያዩት። ከነሱ መካከል ሞተሩን ጋሽ ደምሌ ያልፈቱለት ሹፌር አልነበረም። አስከሬኑ ሲያልፍ አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሞተውም ያዩናል ብለው መሰለኝ። በጣም ተናደድኩ። ግን ለመቆጣት አፍ አልነበረኝም፤ ሰውየውን ለዚህ ካበቋቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ጋሽ ደምሌ ከላሊበላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ጋራዥ የነበራቸው መካኒክ ናቸው። ጋራዥ ስል አራት ቋሚ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና አንድ ጉድጓድ ማለቴ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚራመዱ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። አባታቸው ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። በኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ዓይኑ ይበላል ይባላል፤ ቡዳ ነው ይሉታል። ያየው ሕፃን ይታመማል፣ ያያት ላም ወተቷ ይነጥፋል። ሰዉ ማረሻውን ከእጁ ተቀብሎ ያርሳል፣ በማጭዱ ያጭዳል፤ ምሳው ሲቀርብ ግን ዓይኑ እንዳያርፍበት ይሸፍነዋል። እኛ ሹፌሮች ይህን ወሬ የምንንቅ ሥልጡኖች ነን እንል ነበር። መኪናችን እስከተነሣልን ድረስ በርግጥም ንቀነው ነበር።

ውድድሩ የመጣው ቱሪስት በጠፋበት ጊዜ ነው። የላሊበላ፣ የፍላቂትና የሙጃ ሹፌሮች ሥራ ፈትተን ስንቀመጥ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ገብሱ ከታጨደ በኋላ ፍላቂት አጠገብ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ሚኒባስ ማሽቀዳደም ጀመርን። መኪናው ሰው የምናመላልስበት ያው መኪና ነው፤ ወንበሩን ብቻ እናወጣለን። ሃያ ዙር ይነዳል። ደንቡ፣ እያንዳንዱ መኪና መሃል ላይ ቆሞ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ቀይሮ መውጣት አለበት የሚል ነው። ያሸነፈው ከተማ የገናን ምእመናን ለማመላለስ በዚያ ሳምንት አንደኛ ተራ ይይዛል። የዓመቱ ሥራችን ማለት ያ ሳምንት ስለነበረ ነገሩ ከውጭ ጨዋታ ይምሰል እንጂ ጨዋታ አልነበረም።

መንዳቱን ማንም ያውቅበታል። የምንሸናነፈው ጎማ መቀየሪያው ላይ መሆኑን መጀመሪያ ያወቁት ጋሽ ደምሌ ናቸው። የላሊበላው ቡድናችን አለቃ መላኩ ስለ ሙጃ ሹፌሮች ጉብዝና ሲያወራ ጥቂት አዳመጡትና «ሹፌሩን ተወው፤ ዕቃቸውን አሳየኝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ከውድድሩ በፊት ባሉት ሳምንታት እኔ እየነዳሁ፣ እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው፣ የባላንጣዎቻችንን ዕቃ ስንሰልል ከረምን።

አሰላለላቸው የዋዛ አልነበረም። በገበያ ቀን አሮጌ ቡሎን የሚፈልግ ሰው መስለው ይገባሉ። ሻይ ይጋበዛሉ፣ ስለ ገብሱ ያወራሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ምንም ነገር ላይ አያፈጡም። እኔ ውጭ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ፤ ሁለታችንም ከገባን ይነቃብናል ይሉ ነበር። ተመልሰው በሩን ሲዘጉ ግን ክሪኩ መኪናውን በስንት ምት እንደሚያነሣ፣ የቡሎን መፍቻቸው ርዝመት፣ የጎማ ማሰሪያ ዳዶዎቹን በቆርቆሮ ይያዙ ወይስ በኪሳቸው፣ አንድ ሳይቀር ይነግሩኛል። መጻፍ አይወዱም። «ዕቃ ባለቤቱን ያማል» ይሉ ነበር፤ ለማስታወስ ሐሜቱን መስማት ይበቃል ማለታቸው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ከሙጃ ሲመለሱ «ጎማ የሚፈታላቸው ሰው ግራኝ ነው» አሉኝ። አይተውት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሰውየው ገበያ ሄዶ አልነበረም፤ ያዩት መፍቻውን ነው። እጀታው ላይ የተጠቀለለው ላስቲክ ያለቀው ግራ እጅ በሚይዝበት በኩል ነበር። ግራኝ ከሆነ የግራውን ጎማ በፍጥነት ፈትቶ ቀኙ ላይ ሲደርስ ሰውነቱን ማዞር አለበት፣ እዚያ ይዘገያል አሉ። እነሱ ሲቆሙ እኛም አብረን ቆምን፣ ቀኙ ጎማ ላይ ቀደምናቸው፣ አሸነፍን። የሕይወቴ ደስ የሚል ቀን ነበር ብል አልዋሸሁም።

ያ ግራኝ ሀብቴ ይባላል። ሳቂታ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሙጃ ውስጥ ጎማ ለጣፊ ነው። በድሉ ማግሥት መላኩ አላስችለው ብሎ፣ በሰው ፊት፣ የኛ ሽማግሌ አንተን ሳያዩህ ግራኝነትህን አውቀዋል ብሎ ተኩራራበት። ሀብቴ ሳቀ። ሌሎቹ ግን አልሳቁም። «ሳያዩ ነው ያወቁት?» ብሎ የጠየቀውን ሰው ድምፅ አሁንም አስታውሰዋለሁ። በዚያው ክረምት የሀብቴ ግራ እጅ አበጠ፣ ለሳምንታት ጠበል ተመላለሰ። ዳነ፤ ወሬው ግን አልዳነም። ጋሽ ደምሌ ጋራዥ የሚመጣው መኪና ሲቀንስ መላኩ የነዳጅ ችግር ነው ይላል፣ እኔም አዎ እላለሁ። እሳቸው ደግሞ ሰው ሲያናግሩ ከዓይኑ ይልቅ ጫማውን ማየት ጀመሩ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው፣ እንደልማዳችን ሙጃ ሄድን። ያን ቀን ጋሽ ደምሌ ከጋራዡ የወጡት በጊዜ ነው፤ ግንባራቸው ላብ ነበር፣ ብርዱ እያንቀጠቀጠን።

የሆነውን መንገድ ላይ ነገሩኝ። አንድ ሚኒባስ በውድድሩ ክሪክ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። ጋሽ ደምሌ ሻይ ሲቀርብላቸው፣ መሬት ላይ የወደቀ የገብስ አገዳ አንሥተው በመኪናው ሆድና በአንድ ድንጋይ መካከል ቀጥ አድርገው አቆሙት። ማንም አላያቸውም። ሻይውን ጠጥተው ሲጨርሱ አገዳው ጎብጦ ነበር። መኪናው ማንም ሳይነካው እየወረደ ነው ማለት ነው። የክሪኩን ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ፣ ያቺ የላስቲክ ቀለበት፣ አልቃለች። የሚለግም ክሪክ ደግሞ ዛሬ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ነገ በአንድ ጊዜ ይወድቃል።

በዚያ ሰዓት ሀብቴ መኪናው ሥር ተጋድሞ ነበር። ጋሽ ደምሌ ሰላይ መሆናቸውን ረሱት። ጎንበስ ብለው፣ ከአርባ ዓመት ጀምሮ ለመካኒክ ሁሉ የሚሉትን ቃል አሉት፦

«ልጄ፣ ከዚያ ውጣ። ይሄ ክሪክ ተበልቷል።»

የሰሙት ሁሉ ከሥራቸው ቀና አሉ። በኛ ሥራ ያለቀ ነገር ሁሉ ተበልቷል ነው የሚባለው፤ ጥርሱ የተበላ ጊር፣ የተበላ ጎማ፣ የተበላ ቡሎን እንላለን። ሙጃዎችም ይህንኑ ይላሉ። ግን ቃሉ ከቀጥቃጭ ልጅ አፍ ሲወጣ፣ ሳያይ ያውቃል ከሚባል ሰው አፍ ሲወጣ፣ ሌላ ሆነ። የሙጃ ቡድን አለቃ ይማም ከጓዳ መጣና ምን እንዳሉ እንዲደግሙለት ጠየቃቸው። ደገሙለት። ከዚያ ነው ፊቱን አይተው የገባቸው። ማርጀቱን ማለቴ ነው፣ ጎሚኒው ነው ቢሉ፣ ባስረዱ ቁጥር ሰዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። አንዱ ሮጦ ጤና አዳም አመጣና ዕቃ ሣጥኑ ላይ አሰረ።

«ካሣ» አሉኝ፣ መኪናዋን ዳር እንዳስይዝ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው፣ «እኔ ብናገር አይሰሙኝም። አንተ ሂድና ንገራቸው። ያን ቃል እንዳትለው፤ ዘይት ያፈስሳል በላቸው። ከመኪናው ሥር የእንጨት ታኮ ሳያደርጉ ማንም እንዳይገባ በላቸው። የኔን ስም ግን እንዳታነሣ፤ ስሜ ከተነሣ ልጁ ይሞታል።»

እሺ አልኳቸው። ያኔውኑ ልመለስ ስል ዛሬ አብረን መምጣታችንን አይተዋል፣ ብቻህን ሂድ አሉኝ። በማግሥቱ እሄዳለሁ አልኩ፤ በማግሥቱ መኪናዬን ሳዘጋጅ ዋልኩ። ተከታዮቹንም ሁለት ቀናት እንደዚያው። እንዲህ ሲጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። እሳቸው በየቀኑ ሄድክ ወይ ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ የውድድሩ ቀን እዚያው እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ሁለተኛውን ክሪካችንን እንድናውሳቸው መላኩን ለመኑት። መላኩ ለነሱ ልንሠራ ነው ወይ የሰለልነው ብሎ ሳቀባቸው።

የውድድሩ ቀን ጠዋት አንድ ወፍራም የእንጨት ታኮ ይዤ ወደ ይማም ሄድኩ። ሰዎቹ ከበውት ቆመው ነበር። እንደተባልኩት ነገርኩት። ይማም ጨዋ ሰው ነው፤ ታኮውን ተቀብሎ በእጁ አገላበጠው።

«ዘይት ማፍሰሱን እኮ ማን ነው ያየው?» አለኝ። «አንተ ነህ?»

እኔ ነኝ ብል ያልቅ ነበር። ሰላይ ይሉኛል፣ ምናልባት አንገቴን ይይዙኛል፣ ከዚያ ግን ክሪኩን ጎንበስ ብለው ያዩታል። እኔ ግን ከበውኝ የቆሙትን ፊቶች አየሁ። ከዚያ በኋላ ሙጃ ገበያ ስገባ እንዴት እንደሚያዩኝ ታየኝ። ሳያይ ያውቃል እንዲሉኝ አልፈለግሁም።

«እኔ አላየሁም» አልኩ። «ጋሽ ደምሌ ናቸው።»

ይማም ታኮውን እግሬ ሥር አስቀመጠው፤ አልወረወረውም፣ አስቀመጠው። ወደ ሰዎቹ ዞሮ የሆነ ነገር አላቸው። አንዱ ጋቢውን አወለቀ። ክሪኩን እንደ ሕፃን ጠቅልለው በገመድ አሰሩት፤ እጀታው ብቻ ቀረ። ከዓይን መሸፈናቸው ነበር።

አሥራ አንደኛው ዙር ላይ እኛም ሙጃዎችም ለጎማ ገባን። እኔ መሪ ላይ ነኝ፤ በጎን መስታወት ሀብቴን አየዋለሁ። የግራውን ጎማ እንደ ጨዋታ ቀየረው። ወደ ቀኙ ዞረ፣ ጎማውን አወጣ፣ አንድ ዳዶ ከእጁ አምልጦ ከመኪናው ሥር ተንከባለለ። ሀብቴ በጎኑ ተጋድሞ እጁንና ጭንቅላቱን አስገባ። ያን ጊዜ ነው ጋቢውን ያየሁት። ነጩ ጋቢ ግማሹ ጠቁሯል። ዘይቱን ጋቢው ሲጠጣው ቆይቷል፤ ባይሸፍኑት ኖሮ መሬቱ ላይ ፈስሶ ማንም ያየው ነበር። ጥሩንባዬን ተጫንኩ። ሁሉም ሰው ጥሩንባ እየተጫነ ነበር። መኪናው ያለ ድምፅ ወረደ።

ጋሽ ደምሌ ሁለተኛውን ክሪካችንን ይዘው ሲሮጡ አየሁ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ሊሮጡ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። ሙጃዎቹ መኪናውን በትከሻቸው ለማንሣት ይታገላሉ፤ ጋሽ ደምሌ ሲቃረቡ ግን አራት አምስቱ መኪናውን ትተው መንገድ ዘጉባቸው። እንዳያየው፣ ሸፍኑት የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዲት ሴት ነጠላዋን በሀብቴ ላይ ጣለች። ጋሽ ደምሌ ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑና ክሪኩን በሁለት እጃቸው ወደ ፊት ዘረጉት።

«ጨፍኛለሁ» አሉ። «እባካችሁ ውሰዱት።»

ማንም አልወሰደውም። ከመኪናዬ ወርጄ፣ ሜዳውን አቋርጬ፣ ከእጃቸው የነጠቅኩት እኔ ነኝ። ክሪኩ መኪናውን በጥቂት ምት አነሣው። ሀብቴ በዚያን ሰዓት ይተነፍስ ነበር። ወደ ወልድያ ይዘነው ስንሄድ ጋሸናን ሳናልፍ ሞተ።

ውድድሩ በዚያው ቀረ። ፖሊስ መጥቶ አደጋ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሰዉ ደግሞ የራሱን አለ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ደምሌ ጋራዥ የሚቆመው መኪና ከሩቅ አገር መጥቶ ወሬውን ያልሰማ ብቻ ሆነ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ ሞተር እንኳ ሲሠሩ ሰው አጠገባቸው ካለ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር የሚሠሩት። ማስጠንቀቂያ ልኬ ነበር ብለው ለማንም አልተናገሩም። ቢናገሩ የኔ ስም ይነሣል።

ሦስት ዓመት ቆይቼ ነገርኳቸው። ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ አልኩ፣ የጋራዣቸው ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ። ያውቁ ነበር። ያን ጠዋት ክሪኩ በጋቢ ሲጠቀለል አይተው ማወቃቸውን፣ መሮጥ ሲገባቸው ሰዉን ፈርተው መቆማቸውን ነገሩኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። «እኔን የሚቆጨኝ ቃሉ ነው» አሉ፤ «አርጅቷል ማለት ስችል።» ከዚያ አንድ ነገር ለመኑኝ፦ ክሪኩን የሚነካ ሰው ጠፍቶ እስከነጋቢው ይማም ቤት እንደተቀመጠ ሰምተዋል፣ ሄጄ ሙጃዎቹ ፊት ፈትቼ ጎሚኒውን እንዳሳያቸው። በዚያው ቀን አገዳውን እንዴት እንደሚያቆሙት፣ ዘይቱን በጣት እንዴት እንደሚለዩት፣ ክሪክ ሲለግም እጀታው እጅ ላይ ምን እንደሚል፣ ሁሉንም አስተማሩኝ። እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት መቼም አያቅተኝም።

ሳልሄድ ሞቱ። ሙጃ የሄድኩት ከቀብሩ ሦስት ቀን በኋላ ነው፣ ቁልፎቼንና አንድ አዲስ ጎሚኒ ይዤ።

ይማም በደንብ ተቀበለኝ። ባለቤቱ ዘይነባ ትኩስ ዳቦ ቆረሰች፣ በትልቅ ኩባያ ወተት አቀረበችልኝ። ለምን እንደመጣሁ ነገርኩት። ጥቂት አቅማምቶ ክሪኩን ከጓሮ በእንጨት እየገፋ አመጣው። ጋቢው እንደ ቆዳ ደርቆ ነበር። ቀድጄ አነሣሁት፣ ክሪኩን ፈታሁ፣ ጎሚኒዋን አወጣኋት። ዳሯ ተሸራርፎ እጄ ላይ ተበጣጠሰ። አዲሷን ከጎኗ አስቀምጬ ማውራት ጀመርኩ፤ በሕይወቴ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ላስቲክ ዘመን ሲቆጥር ምን እንደሚሆን አስረዳሁ። ሰውየው ሀብቴን ለማዳን እኔን እንደላኩኝ፣ እኔ ራሴን ላድን ስማቸውን እንደሰጠሁ፣ ሁሉንም።

ይማም ቁራጯን በጣቶቹ መካከል አገላበጣት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የገባው መሰለኝ።

«ወላሂ እውነትህን ነው፤ አልቃለች» አለ። ቀጥሎ ወደኔ ቀና አለ። «ግን ካሣ፣ ክሪኩ ያኔ አልተፈታም እኮ። ውስጡን በምን አዩት?»

ደስ አለኝ። መልሱን አውቀው ነበር።

«ውስጡን ማየት አያስፈልግም» አልኩት። «እኔንም አስተምረውኛል። አሁን እኔም ከውጭ አይቼ አውቃለሁ።»

ዘይነባ ከመደቡ ተነሣች። ጠጥቼ ያጋመስኩትን ወተት ከፊቴ አነሣችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ከደነችውና ይዛው ወደ ጓዳ ገባች። ይማም ቁራጯን መሬት ላይ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ጫማዬን እያየ፣ መንገዱ ሩቅ ነውና ሳይመሽብህ ብትነሣ ይሻላል አለኝ። ገና እኩለ ቀን አልሞላም ነበር።